በደን የተከበበ ደጀ ሰላም

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ ጥቂት ነው። የታረሰ ማሳና ባሕር ዛፍ ይፈራረቃሉ። ድንገት ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ብቅ ካለ፣ መሐሉ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው።

ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው የቆዩት ስለተከበሩ ነው። ያለ ፈቃድ አይቆረጡም። ጥላቸው ሥር የአብነት ተማሪ ጎጆውን ቀልሶ ይቀጽላል፣ የኔ ቢጤም ደጀ ሰላሙ ላይ እጁን ይዘረጋል። ነገሩ ግን ሁሉ ምጽዋት አልነበረም፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ «የሰሞን መሬት» ይዛ የኖረች ቤተ ክርስቲያን የመሬት ጥቅምም ነበራት። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ይዞታ ሲወስድ ግቢውና ደኑ ቀሩ።

ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠኑ 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያዎችን መዘገቡ። ትንሹ ደን ከ2 ሄክታር ያንሳል፣ ትልቁ 100 ሄክታር ይደርሳል። ችግሩ ከብት ነበር፦ ችግኙን እየበላና እየረገጠ ሽማግሌ ዛፎችን ያለ ተተኪ ያስቀራል።

መፍትሔው ካብ ሆነ። እሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ከካህናቱ ጋር መከሩ፤ ገበሬው ማሳውን ያስቸገረውን ድንጋይ ለቅሞ ደኑን አጠረበት። ማሳውም ጸዳ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ምድርና ስለ ድሃ «ላውዳቶ ሲ» የተሰኘውን መልእክታቸውን ሲያወጡ፣ እዚህ ካቡ ተጀምሮ ነበር።