የነጭ ደም ሴሎች ስንቅ

የሰውነት በሽታ የመከላከል ጥናት ታሪክ በአብዛኛው ማን ማንን ለይቶ እንደሚገድል ይተርካል። ገዳዩ ሴል ጉልበቱን ከየት ያመጣል የሚለው ጥያቄ ግን ለረጅም ዘመን የጎንዮሽ ጉዳይ ነበር። ስንቁ የውጊያውን ዓይነት እንደሚወስን የገባን ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 ባልድሪጅና ጄራርድ የውሻ ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያ ሲውጡ የኦክስጅን ፍጆታቸው እንደሚያሻቅብ አዩ። መዋጥ ራሱ ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። በ1959 ስባራና ካርኖቭስኪ በጊኒ ፒግ ሴሎች ሲሞክሩት ግን ሴሎቹ ኦክስጅን በሌለበትም ይውጡ ነበር፤ ለዚህ የሚበቃቸውን ጉልበት ያለ ኦክስጅን ግሉኮስ በመሰባበር ያገኙታል። ታዲያ ያ ሁሉ ኦክስጅን ለምን ዋለ? መልሱ የተገኘው መግል የቋጠረ ቁስል በቆዳቸው፣ በሳንባቸውና በጉበታቸው እየተመላለሰ ከሚያሠቃያቸው ሕፃናት ነው። በ1967 የሚኒሶታ ተመራማሪዎች የእነዚህን ልጆች ሴሎች መረመሩ፤ ባክቴሪያውን ይውጣሉ፣ መግደል ግን አይችሉም፤ የኦክስጅን ፍጆታቸውም አይጨምርም። ኦክስጅኑ ለካ ማገዶ አልነበረም፤ ሴሉ ባክቴሪያ የሚፈጅበትን መርዝ የሚሠራው ከእሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን እጅግ የሚነካኝ ይህ ነው፤ ሳይንሱ የተማረው ከልጆቹ ሥቃይ ነውና።

ኦቶ ዋርቡርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሴሎች ኦክስጅን እያለም ግሉኮስን ወደ ላክቲክ አሲድ እንደሚለውጡ አሳይቶ ነበር። ቲ ሴል የተባለው ጤነኛ ነጭ የደም ሴልም ለውጊያ ሲነቃ እንዲሁ ያደርጋል፤ በፍጥነት ለመባዛት ጉልበት ብቻ ሳይሆን የመገንቢያ ጥሬ ዕቃም ያስፈልገዋል። በ2002 የክሬግ ቶምሰን ቡድን ሴሉ ግሉኮስ በብዛት የሚያስገባው ከውጭ ትእዛዝ ሲደርሰው መሆኑን አሳየ፤ ስለዚህ አመጋገቡም የትእዛዙ አካል ነው። በ2009 ደግሞ ኤሪካ ፒርስና ባልደረቦቿ ስብ ማቃጠል ያቃታቸው ቲ ሴሎች የበሽታውን ትዝታ ይዘው መቆየት እንደሚሳናቸው በአይጦች ላይ አረጋገጡ። የስኳር ሕመምተኞች የሚያውቁት ሜትፎርሚን ስብ የማቃጠል ችሎታቸውንም ትዝታቸውንም መለሰላቸው።

በአገራችን ለአራስ ሕፃናት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባትም የዚህ ታሪክ አካል ነው። ክትባቱ ሞኖሳይት የተባሉትን ሴሎች ከሳንባ ነቀርሳ ውጭ ላሉ ተሕዋስያንም ያነቃቸዋል። የሚሃይ ኔቴያ ቡድን በኔዘርላንድስ እንዳሳየው እነዚህ ሴሎች ግሉኮስ መሰባበራቸውን ያበረታሉ፤ ይህ በመድኃኒት ሲታገድ ከክትባቱ ያገኙት ንቃትም ይጠፋል።