ባሊቶር፤ የአንዲት ትንሽ የአየርላንድ መንደር ታሪክ

ባሊቶር የምትባለውን መንደር በካርታ ላይ ለማግኘት የሚሻ ሰው ዓይኑን ወደ ወረቀቱ በጣም አቅርቦ መፈለግ አለበት። የምትገኘው በአየርላንድ ምሥራቃዊ ክፍል በኪልዴር አውራጃ፥ ከዋናው ከተማ ከደብሊን በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ግሪስ በሚባል ትንሽ ወንዝ አጠገብ ነው። ስሟ ከጥንቱ የአየርላንድ ቋንቋ የወጣ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል «የመልካ አፍ» ማለት ነው። ንጉሥ አልነገሠባትም፤ ታላቅ ከተማም ለመሆን አልበቃችም። ይሁን እንጂ የነዋሪዎቿ ኑሮ፥ የጫማ ሰፊውና የአንጥረኛው ሳይቀር፥ በመጽሐፍ ተጽፎ ስለሚገኝ ከብዙ ታላላቅ ከተሞች ይልቅ እርሷን ማወቅ ይቀላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዚህ ስፍራ መሬት ገዝተው የሰፈሩት ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ነበሩ። እነርሱ ራሳቸውን «የወዳጆች ማኅበር» ብለው ይጠራሉ። ቄስ የላቸውም፤ ለጸሎት በተሰበሰቡ ጊዜ ሁሉም በዝምታ ይቀመጣል፥ መንፈስ ያነሣሣው ብቻ ተነሥቶ ይናገራል። አይምሉም፥ የጦር መሣሪያ አያነሡም፥ በዚያ ዘመን ለባለ ማዕርግ እንኳ ባርኔጣቸውን አያወልቁም ነበር። ልብሳቸውም ጌጥ የሌለበት ነበር። በባሊቶርም የጸሎት ቤት ሠርተው በእርሻና በልዩ ልዩ ሙያ ይተዳደሩ ጀመር።

በ1726 አብርሃም ሻክልተን የሚባል የማኅበሩ አባል በመንደሩ ውስጥ አዳሪ ተማሪ ቤት ከፈተ። አብርሃም ከእንግሊዝ አገር ከዮርክሻየር የመጣ ሰው ነው። የላቲንን ቋንቋ መማር የጀመረው ሃያ ዓመት ከሞላው በኋላ ነበር፤ ነገር ግን ተግቶ በመማሩ ለሌሎች አስተማሪ ለመሆን በቃ። (ትምህርት ዘግይተን ጀመርን ብለን የምናዝን ተማሪዎች ይህን ሰው ብናስታውስ መልካም ነው።) ከእርሱ በኋላ ልጁ ሪቻርድ፥ ከሪቻርድም በኋላ የልጅ ልጁ አብርሃም ትምህርት ቤቱን በተራ አስተዳደሩ።

የዚህ ተማሪ ቤት ታላቅነት በደንብ የሚገባን የዘመኑን ሕግ ስናውቅ ነው። አየርላንድ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥልጣን ሥር ነበረች። የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ካቶሊክ ሲሆን፥ በ1695 የወጣው ሕግ ካቶሊኮች ትምህርት ቤት እንዳይከፍቱ፥ ልጆቻቸውንም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር እንዳይልኩ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ባላገሩ ልጆቹን በየአጥሩ ጥግና በየጎተራው ተደብቀው ከሚያስተምሩ መምህራን ዘንድ ይልክ ነበር። በባሊቶር ግን የኩዌከር ልጅና የሌላ ሃይማኖት ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው ይማሩ ነበር።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ኤድመንድ በርክ ነው። አባቱ ፕሮቴስታንት የሆነ ጠበቃ፥ እናቱ ካቶሊክ ነበረች። ከ1741 እስከ 1744 በባሊቶር ተምሮ ወደ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሄደ። በኋላም የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሆኖ ለአሜሪካ ቅኝ አገሮች መብት ተከራከረ፥ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በሕንድ ሕዝብ ላይ ያደረሰውንም በደል አጋለጠ። ከመምህሩ ልጅ ከሪቻርድ ጋር በልጅነት የጀመሩት ወዳጅነት እስከ ሞት ድረስ ጸንቷል። ካቶሊኩ ፖል ከለንም እዚያው በልጅነቱ ተምሮ በ1866 ከአየርላንድ የመጀመሪያው ካርዲናል ሆነ።

አሁን ወደ ሪቻርድ ልጅ ወደ ሜሪ ልለፍ። ሜሪ በ1758 ተወለደች፤ በ1791 ዊልያም ሌድቢተር የሚባል ሰው አግብታ ሜሪ ሌድቢተር ተባለች። ከልጅነቷ ጀምራ በመንደሩ የሚሆነውን ሁሉ በማስታወሻዋ ትጽፍ ነበር፦ ማን እንዳገባ፥ ማን እንደ ሞተ፥ የትኛው እንግዳ እንደ መጣ። የመንደሩ የፖስታ ቤት ኃላፊም እርሷ ነበረች። የመንደር ወሬ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ ከወዴት ይገኛል!

የ1798 ዓመፅ ሲነሣ ግን ማስታወሻዋ የጎረቤት ወሬ መሆኑ ቀረ። የተባበሩት አየርላንዳውያን የተባለው ማኅበር በ1791 የተመሠረተው የአሜሪካንና የፈረንሳይን አብዮት አርአያ አድርጎ፥ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸውን የአገሩን ሰዎች በአንድነት ለማስነሣት ነበር። መንግሥትም በ1798 የጸደይ ወራት ወታደሮች በየሰዉ ቤት አሰፈረ፤ የተደበቀ መሣሪያ አምጡ እየተባለ ብዙ ሰው ተገረፈ፥ ቤትም ተቃጠለ። በግንቦት ወር ማለቂያ በኪልዴር ዓመፅ ፈነዳ፤ ዓመፀኞቹም ባሊቶርን ያዙ።

ኩዌከሮቹ በሁለት እሳት መካከል ወደቁ። ሜሪ እንደምትተርከው፥ ዓመፀኞቹ የወገናቸው ምልክት የሆነውን አረንጓዴ ነገር እንዲያደርጉ በጠየቋቸው ጊዜ ከማንም ወገን መግባት አንችልም ብላ መለሰችላቸው። ከብርቱው ወገን ጋር እንኳ አትሆኑምን ቢሏት፥ ከማንም ጋር አለች። በዚያች ሰዓት በክፍሉ ያሉት ጠረጴዛዎች አረንጓዴ ጨርቅ ለብሰው ነበርና ቀዶ ለመስጠት አስቸጋሪ አልነበረም፤ ሰዎቹም ከዚህ በላይ አላስገደዷቸውም። በእኔ አስተያየት ይህ መልስ በጦር ሜዳ ከሚታየው ጀግንነት የሚያንስ አይደለም፤ መልሱን የሰጠችው መሣሪያ የሌላት ሴት፥ የሰሙትም የታጠቁ ሰዎች ናቸውና።

ጥቂት ቀናት ሳያልፉ የመንግሥት ወታደሮች ተመልሰው መጡ። መንደሩ ተዘረፈ፥ ቤቶች ተቃጠሉ፥ ሰዎች ተገደሉ። ከተገደሉትም አንዱ የመንደሩ ሐኪም ነበር። ሜሪ ይህን ሁሉ በዓይኗ አይታ ጻፈች። ስለዚያ ዘመን ከጻፉት ብዙዎቹ ወይ የመንግሥትን ወይ የዓመፀኞችን ጥፋት ብቻ ይቆጥራሉ፤ እርሷ ግን የሁለቱንም በደል፥ በሁለቱም ወገን ያየችውን ርኅራኄ ጭምር አልሸሸገችም። የሞቱትንም በቁጥር ሳይሆን ጎረቤት እንደሚያውቃቸው በየስማቸው ታነሣቸዋለች። መጽሐፏን ያነበብሁ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ይህ ነው።

ከዚያም በኋላ መጻፏን አልተወችም። በ1811 ስለ ድሆች ገበሬዎች ኑሮ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1826 ሞተች። የመንደሩ ታሪክ ግን በእርሷ ዘመን አልታተመም። «የሌድቢተር ጽሑፎች» በሚል ስም በሁለት ጥራዝ የወጣው በ1862፥ እርሷ ከሞተች ከ36 ዓመት በኋላ ነው።

ትምህርት ቤቱ በ1836 ተዘጋ። የመሥራቹ የአብርሃም ዘር የሆነው ኧርነስት ሻክልተን በ1874 ከባሊቶር ብዙ በማይርቀው በኪልኬ ተወለደ። በ1915 በደቡብ ዋልታ በረዶ መካከል መርከቡ ተሰባብራ ስትሰጥም አብረውት በመርከቧ የነበሩትን ሰዎች አንድ ሳይጎድል በሕይወት ያወጣው እርሱ ነው።

የኩዌከሮቹ የጸሎት ቤት ግን አልፈረሰም። ተጠግኖ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ሆኗል፤ ሰዎቹ በዝምታ ይቀመጡበት በነበረው አዳራሽም የባሊቶር ልጆች መጽሐፍ ይዋሱበታል።