ሽንፋ ወንዝ ዳር ምን ይበላ ነበር?



በሱዳን በኩል የመጣ ሰው መተማን ያውቃታል። የወንዞቿንም ጠባይ ያውቃል፤ በክረምት ሞልተው ሰው ይወስዳሉ፣ በበጋ አሸዋ ብቻ ይሆኑና እዚህም እዚያም ኩሬ ይቀራል። ከነዚህ አንዱ ሽንፋ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ከ74,000 ዓመት በፊት በዚያ ወንዝ ዳር ስለ ኖሩ ሰዎች ነው።

ቦታው የተገኘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ካፕልማን የሚመራው ቡድን ጥናቱን በ2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጣ።

ዘመኑን የነገራቸው ከአፈሩ የተለቀመ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ስብርባሪ ነው። በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት፣ ቶባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ነፋስ ያመጣው ነው። ያ ፍንዳታ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ተቃርቦ ነበር የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ።

የአየሩን ጠባይ ደግሞ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት አነበቡ። ውሃ ሲተን ቀላሉ ኦክሲጅን ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። በድርቅ ጊዜ ሰጎኗ የበላችው ቅጠል ይህን ምልክት በእንቁላሏ ላይ ይተዋል። ከፍንዳታው በኋላ በጋው እንደ ረዘመ የታወቀው በዚህ ነው።

ታዲያ ምን በሉ? ከሚዳቋ መሰል እንስሳት እስከ ጦጣ ድረስ ያድኑ ነበር፤ አጥንቱ ላይ የስለት ጭረትና የእሳት ምልክት አለ። በጋው ሲረዝም ግን ከተገኘው አጥንት የዓሣው ድርሻ ከ14 ወደ 52 በመቶ ወጣ። ኩሬው ሲጎድል ዓሣው አንድ ቦታ ይታጎራል፣ ለመያዝም ይቀላል። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው በለምለም ዘመን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተሻገረም ሊሆን ይችላል ይላሉ ተመራማሪዎቹ።

ይህን እዚህ ቂርያት ጋት በሽማግሌዎች ሞዓዶን ሳወራ አንዲት እናት፣ «ዓሣው ቅርፊት ነበረው ወይ?» አሉኝ። ኦሪት ከመሰጠቱ በፊት ነው ብዬ አመለጥሁ። ሁሉም ሳቁ።

አንድ አባት ግን አልሳቁም። በ1984 በዚያው በኩል ሲያልፉ አሸዋውን በእጃቸው እየቆፈሩ ልጆቻቸውን ያጠጡ ነበር። የትኛው አሸዋ ውሃ እንደሚያወጣ ያሳያቸው የአገሩ እረኛ ነው። ትንሿ ልጃቸው ግን እዚያው ቀረች።

«የ74,000 ዓመት አጥንት ካገኙ የልጄን መቃብርስ የሚያገኝ አለ ወይ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቦታውን ይንገሩኝ አልኋቸው። ከወንዙ ማዶ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው አሉ። ጻፍሁት።