የጽዋ ማኅበርና የክፉ ቀን ፈተና

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ስለ አገራችን ታሪክ በምንነጋገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የነገሥታቱን ዘመቻና የመኳንንቱን ሹም ሽር ነው። ነገር ግን ጦርነቱና ረኃቡ ካለፈ በኋላ ባላገሩ ቤቱን እንደ ምን መልሶ እንዳቆመ መመርመርም ታሪክ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው በፎገራ ሜዳ የሚኖሩ ክርስቲያኖች የተቸገረውን ቤተ ሰብ በምን መንገድ ሲደግፉ እንደ ኖሩ ይሆናል።

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ የደጋውን አፈር እየጠረጉ ወርደው ያጠጡታል። አፈሩ ጥቁር፥ ሣሩም ለምለም ስለ ሆነ የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። ይሁን እንጂ ክረምቱ በበረታ ጊዜ ይኸው ውሃ ከዳርቻው አልፎ አዝመራውን ያጠፋል፤ ቤቱንም ያፈርሳል። በረከቱና መከራው ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ አገር ነውና ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ሳይተሳሰር ሊኖርበት አይችልም።

በጣና ዙሪያ የማኅበር ኑሮ ጥንታዊ መሆኑን ከሚያስረዱት አንዷ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባስገደዱበት ዘመን፥ ይህች ከመኳንንት ወገን የተወለደች ሴት ትዳሯን ትታ መነኰሰች። በስደቱ ዘመንና ከዚያም በኋላ በዙሪያዋ የተሰበሰቡትን ወንዶችና ሴቶች በሰባት ማኅበራት አቋቋመቻቸው። በ1635 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ በ1665 ዓ.ም. የተጻፈው ገድሏ፥ የጌታ ልጅ ስትሆን እንደ አገልጋይ ትሠራ እንደ ነበረ ይናገራል። ከፎገራ በስተ ደቡብ በሐይቁ ዳር ያለችው ቆራጣም እስከ ዛሬ ድረስ በስሟ ትታወቃለች።

በዓለም የሚኖረው ምእመን ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ይኸውም የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ነው። ማኅበርተኞች ለአንድ ቅዱስ መታሰቢያ፥ ለምሳሌ በወሩ በ12 ቀን ለቅዱስ ሚካኤል ወይም በ21 ቀን ለእመቤታችን፥ ተራ በደረሰው ሰው ቤት ይሰበሰባሉ። ካህኑ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል፤ ከጸሎቱም በኋላ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። ሰንበቴ ግን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ የሚደረግ ስለ ሆነ፥ ነዳያንና የቆሎ ተማሪዎችም ከማዕዱ ይካፈላሉ።

ጽዋው የሚያልፈው ለመብላትና ለመጠጣት ብቻ አይደለም። የሁሉም ቤት በየተራው የሚጎበኝ ስለ ሆነ፥ የማን ጎተራ እንደ ጎደለ፥ የማንስ በሬ እንደ ሞተ ሳይነገር ይታወቃል። ባሏ የሞተባት ሴት እርሻዋ ጦም እንዳያድር ማኅበርተኞቿ በደቦ ያርሱላታል፤ ያጭዱላታልም። ቤቱ ለተቃጠለበት አንዱ እንጨት፥ ሌላው ሣር ያመጣለታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚረዳው ሰው እጁን ዘርግቶ የሚለምን አለመሆኑ ነው። እርሱም በተራው ጽዋውን የተቀበለ፥ ትናንት ያበላ፥ ነገም የሚያበላ ወንድም ነው፤ ስለዚህ እርዳታው ክብሩን አይነካበትም።

ይህ ሥርዓት ከባድ ፈተና የደረሰበት በክፉ ቀን ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በዚያው ወቅት ለኢጣልያ ጦር ተብሎ በምጽዋ በኩል ከገባ ከብት ጋራ የመጣው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ አገሩን ያዳርስ ጀመር። ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተከተሉ፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። ኑሮው በከብት ለቆመ አገር ይህ እንደ ምን ያለ መከራ እንደ ነበረ ማሰብ አያዳግትም፤ በሬ ሲያልቅ መሬቱ ጾሙን ያድራልና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ነገር ግን ለሃምሳው ለእያንዳንዱ ሃምሳ ሃምሳ ሎሚ በተጫነበት ጊዜ ማን የማንን ሸክም ያነሣል? ማኅበሩ አንድ ቤት ሲወድቅ ያነሣል፤ አገሩ በሙሉ ሲወድቅ ግን ከአጥቢያው ውጭ የሚመጣ እህልና ዘር ያስፈልጋል። ይህን በመገንዘብ ቤተ ክርስቲያናችን በ1964 ዓ.ም. የልማትና የተራድኦ ድርጅቷን አቋቋመች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ባጥለቀለቁ ጊዜም፥ ከመንግሥትና ከረድኤት ድርጅቶች የመጣው እርዳታ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ቢሆንም የማኅበሩ ዋጋ አልቀነሰም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የቤተ ክርስቲያን መሬት ሲወረስ ጽዋው አልቆመም፤ መሠረቱ የማኅበርተኛው ልብ እንጂ ርስት አልነበረምና። ከውጭ የሚመጣው እህልም ቢሆን የትኛው ቤት አስቀድሞ እንደሚራብ አያውቅም፤ ይህን የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር እናሳስብ። ድግስ እየከበደ በሄደ መጠን ድኻው ተራው ሲደርስ ይበደራል፤ ወይም አፍሮ ከማኅበሩ ይወጣል። ከማኅበሩ በሚወጣበት ቀን ደግሞ እርሻውን የሚያርስለትን፥ ጎተራውን የሚያይለትን ወገን ያጣል። እንግዲህ ሙሴዎችና ካህናት ድግሱ በአንድ ዳቦና በአንድ ማሰሮ ጠላ እንዲወሰን ቢያደርጉ፥ ከቅዱሱ መታሰቢያ የሚጎድል ነገር የለም። ጽዋው በድኻው ቤት ሳያልፍ የቀረ እንደ ሆነ ግን፥ ማኅበሩ ስሙ ብቻ ይቀራል።