ካብና ግንብ፦ በጨንቻ ዳገቶች ላይ የመሬት ድጋፍ ታሪክ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት መንገደኛው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ደጋ ይወጣል። በእንዲህ ያለ አገር መሬትን ደግፎ ማቆም የኑሮ ግዴታ ነው። ለዚህ የሚያገለግለውን የድንጋይ ሥራ አማርኛ በሁለት ስም ለይቶታል፤ ያለ ማያያዣ የተደረደረው ካብ፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ የታሰረው ግንብ ይባላል። ልዩነታቸው በግልጽ የሚታወቀው ዝናብ ሲዘንብ ነው።

የካቡ ዕድሜ ከመኪና መንገዱ እጅግ ይበልጣል። የጋሞ ገበሬ እንሰትና ገብስ የሚያበቅልበትን አፈር በተዳፋቱ ላይ ያቆየው በእርከን ነው። ደኅና ካብ ፊቱ ወደ ዳገቱ ጥቂት ያዘነብላል፤ ረጃጅሙ ድንጋይ ወደ ውስጥ ገብቶ አፈሩን ይነክሳል፤ ጀርባው በጠጠር ይሞላል። ውሃው በየክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል። አንድ ወገኑ ቢናድም ባለቤቱ ያንኑ ድንጋይ ለቅሞ መልሶ ይክበዋል። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጎረቤት ኮንሶ እርከን ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ይነገርለታል። ይህ ዕድሜ የሚቆጠረው በጥገና ነው፤ ያን ያህል ዘመን የሰው እጅ ሳይነካው የቆመ ካብ አለ ብሎ የሚያምን መሐንዲስ አይገኝም።

ጨንቻ ለረጅም ጊዜ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ለበቅሎ መንገድ ደጋፊ ግንብ እምብዛም አያስፈልግም፤ በቅሎ የዳገቱን ጠባይ ተከትላ ትጠማዘዛለች። መኪና ግን ሰፊና የተስተካከለ ወለል ይሻል። ይኸውም ከላይ የዳገቱን እግር መቁረጥን፣ ከታች ደግሞ አፈር ሞልቶ መደገፍን ይጠይቃል። በአገራችን ይህ ሥራ በስፋት የታየው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ እንደ ጣርማ በርና ሊማሊሞ ባሉ ገደሎች ላይ ነው። በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር እየተደገፈ ሥራ የጀመረው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በመጀመሪያ ከገጠሙት ተግባሮች ዋነኛው የተበላሹትን እነዚህን መንገዶች ማደስ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ የጠቅላይ ግዛቱን መቀመጫ ወደ አዲሲቱ አርባ ምንጭ አወረዱት። ሹማምንቱ ቆላ ወረዱ፤ ዳገቱና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ዝናብ ግን ከጨንቻ ጋር ቀሩ።

ግንብ የሚገፋው ምን ያህል ኃይል እንደሆነ በስሌት ያሳየው ፈረንሳዊው የጦር መሐንዲስ ኩሎም ነው፤ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በዚሁ መንገድ ቢሰላ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነን ግንብ ውሃ ያልያዘ መካከለኛ አፈር በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 2.7 ቶን ገደማ ይገፋዋል። ያው አፈር እስከ አፉ ውሃ ጠግቦ መውጫ ቢያጣ ግፊቱ ወደ 6 ቶን ይጠጋል፤ ከዚህም 4.5 ቶኑ የውሃው ብቻ ነው። ካብ ይህን ጭነት ሳይሸከም ያሳልፈዋል፤ ግንብ ግን የውሃ መውጫ ቀዳዳው ከተደፈነ ሁሉንም ይቀበላል።

በመሆኑም ግንብ ሲያረጅ በክረምት ቀዳዳዎቹ ደርቀው ይታያሉ፤ ቀጥሎ ሆዱ ይነፋል፤ ከዚያም ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ ስንጥቁን በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ቢሆንም፣ ለውሃው የቀረችውን የመጨረሻ መውጫ መዝጋት ስለሆነ ጥገና ሊባል አይገባውም። መተካት ግድ ሲሆን ሥራው በበጋ፣ በአጭር በአጭር ርዝመት እየተከፈለ መከናወን አለበት፤ ግንቡ በአንድ ጊዜ ቢፈርስ ዳገቱ እግሩን ያጣልና። አዲሱም ግንብ ከጀርባው የጠጠር ንጣፍ፣ ከበላዩ ውሃውን የሚቀልስ ቦይ ያሻዋል። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚመረጠው ጋቢዮን በሽቦ ቅርጫት የታሰረ ድንጋይ ነው። የጋሞ ሽማግሌ ቢያየው ካብ መሆኑን ለማወቅ አይቸግረውም፤ ሽቦው ምን እንደሚሠራ ግን ሊጠይቅ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ለሁሉም ናዳ ግንብ መፍትሔ አይሆንም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ቀድሞ በናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎችን ጭምር የዋጠውና ከ200 በላይ ሕይወት ያጠፋው ናዳ በደጋፊ ግንብ የሚመለስ አልነበረም። በከተማ መንገድ ዳር ያለው የ3 ሜትር ግንብ ግን በሰው አቅም ሥር ነው። የእርከኑ ካብ ባለቤት አለው፤ ሲናድ ቀድሞ የሚያየውም እርሱ ነው። የመንገዱን ግንብ በየዓመቱ ዞሮ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ዝርዝር ውስጥ አይመደብለትም። የተደፈነን ቀዳዳ በብረት ዘንግ ለመክፈትና ቦዩን ለመጥረግ ጥቂት ሠራተኞች ለጥቂት ቀናት ይበቃሉ፤ የወደቀን ግንብ ለመተካት ግን መንገዱ ተዘግቶ፣ ገበያተኛው ሸክሙን ተሸክሞ በእግሩ ይወጣል።