ከጌታ ደጅ እስከ «እንደውላለን»

ድሮ ሹመት የፈለገ ሰው ማመልከቻ አይጽፍም፤ ደጅ ይጠናል። በማለዳ ተነስቶ፣ ኩታውን አደግድጎ ከጌታው በር ላይ ይቆማል። ጌታው በበቅሎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከአጀቡ ተቀላቅሎ ይሄዳል፣ ሲመለስም ተከትሎ ይመለሳል። ዋናው ነገር መታየት ነው። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር የሚያውቀው አጋፋሪው ስለሆነ እሱንም ደጅ መጥናት ግድ ነበር። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ስንቅ ቋጥሮ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ስንቁ ሲያልቅ ከዘመድ ቤት ይጠጋል፤ ዘመድ ከሌለው በቅሎውን ይሸጣል።

አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ደጆቹ በዙ እንጂ ልማዱ አልቀረም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ትልልቁ ሹመት ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ስለነበር ባለጉዳይ ከቤተ መንግሥት በር አይጠፋም ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥርን በአንድ ሥርዓት የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ሐሳቡ ትልቅ ነበር፦ ሰው በዘመዱ ሳይሆን በችሎታው ይቀጠር። ዕድሜዬን በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ሐሳብ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

እኔ ራሴ ግን ተወዳድሬ አልተቀጠርኩም። በደርግ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ይመደባል፤ የምደባ ደብዳቤውን ይዞ ወደተባለበት ክፍለ ሀገር ይሄዳል። የእኔ ዕጣ ባሌ ነበር። ምርጫ አልነበረንም፣ ያም የራሱ ጭቆና ነበረው፤ ሆኖም መልሱን ሳያውቅ የተቀመጠ አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው ቀረና ማስታወቂያ ሰሌዳው መጣ። አራት ኪሎ ጋዜጣ የሚከራዩትን ልጆች የማያስታውስ አለ? ከአጥሩ ሥር ተደርድረው፣ ጋዜጣውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ከዳር ዳር አይተው ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ደብተራቸው ላይ የሚገለብጡትን በቃሌ ልወጣው እችላለሁ፦ «ተፈላጊ ችሎታ፣ ብዛት 1፣ ደመወዝ በስምምነት፣ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ በመያዝ።» «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል የተገኘ ቀን የአንዱ ፊት ሲበራ ሌሎቹም አንገታቸውን ያሰግጉ ነበር።

የእህቴ ልጅ ለአንድ የግል ድርጅት በጥቅምት አመለከተች። በታኅሣሥ የጽሑፍ ፈተና ወሰደች። በየካቲት ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ አምስት ሰዎች ፊት ተቀመጠች፤ አንደኛው ከስልኩ ቀና አላለም። «እንደውላለን» አሏት። በሚያዝያ ደወሉ፤ ኃላፊው ስለተቀየረ ቃለ መጠይቁ ይደገም ተባለ። ታክሲ ተሳፍራ፣ ያንኑ ቀሚስ ተኩሳ ለብሳ ሄደች፤ ያንኑ ጥያቄ መለሰች። ከዚያ በኋላ ዝም። በሰኔ ራሷ ሄዳ ስትጠይቅ የጥበቃ ሠራተኛው፣ «ያ ቅጥር እኮ ተሰርዟል» አላት። የነገራት እሱ ነው። ፈታኞቿ አንዳቸውም አንድ ቃል አልላኩላትም።

ይህ ያንገበግበኛል። የጥንቱ ደጅ ጠኚ ተዋርዷል፣ ተጉላልቷል፤ ግን ጌታው መልኩን ያውቀዋል፣ በቀረ ቀን «የት ሄደ?» የሚል ይኖራል። የዛሬዋ ወጣት ደጅ የምትጠናው ስልኳን ነው። ቅዳሴ ላይ እንኳ ድምፁን ማጥፋት ትፈራለች።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ የተቀጠረ ሰው የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከቅጥር በፊት ላለው ጥበቃ ግን ቀን አልቆረጠለትም። ይቆረጥለት እላለሁ፦ ማንኛውም አሠሪ የፈተነውን ሰው ውጤት በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ቅጥሩን ከሰረዘም መሰረዙን በዚያው ሳምንት ይናገር። የቅጥር ፋይል ስንት ወረቀት እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ላላለፉት አንድ ደብዳቤ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።