«ዳኛዋ ከችሎት ይነሱልን»

እ.ኤ.አ. በ1975 ሱሊቫን ኤንድ ክሮምዌል የተባለው አንጋፋ የዎል ስትሪት የጥብቅና ድርጅት በኒውዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሶ ቀረበ። ክሱ ድርጅቱ በቅጥር ሴት የሕግ ባለሙያዎችን ይበድላል የሚል ነበር። ተከሳሹ ታዲያ ዳኛዋ ከችሎት ይነሱልኝ አለ። ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ ጥቁር ናቸው፣ ሴት ናቸው፣ ዳኛ ከመሆናቸው በፊትም መድልዎ ለደረሰባቸው ሰዎች ሲሟገቱ ኖረዋል ነው ምክንያቱ። ሞትሊ ግን አልተነሱም። ዘር፣ ጾታ ወይም የቀድሞ ሥራ ብቻውን ዳኛን የሚያስነሳ ከሆነ ይህን ጉዳይ የሚያይ አንድም ዳኛ በዚህ ፍርድ ቤት አይገኝም፤ ሁሉም ጠበቃ ነበሩ፣ ሁሉም ወንድ ወይም ሴት ናቸው፣ ብዙዎቹም የመጡት ከታላላቅ የጥብቅና ድርጅቶች ነው ሲሉ መለሱ። በእኔ አስተያየት ከሞትሊ የዳኝነት ሥራ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ መልስ ነው። ገለልተኝነቱን እንዲያስመሰክር የሚጠየቀው ማን ነው፣ ሳይጠየቅ የሚታለፈውስ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ችሎት አውጥቶታልና።

ለጥርጣሬ መነሻ የሆነው ያለፈ ሕይወታቸው ሲመረመር የሚታየው ረጅም የሕግ ልምምድ ነው። ሞትሊ በ1921 በኒው ሄቨን ከተማ፣ ከካሪቢያኗ ኔቪስ ደሴት ከመጡ ወላጆች ተወለዱ፤ ከ12 ልጆች 9ኛዋ ነበሩ። አባታቸው በዬል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ማኅበራት ምግብ ያበስሉ ነበር። ኮሌጅ የሚያስገባ ገንዘብ ቤተሰቡ ስላልነበረው፣ በአንድ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ የሰሟቸው ክላረንስ ብሌክስሊ የተባሉ ነጭ ባለሀብት የትምህርት ወጪያቸውን ሸፈኑ። በ1946 ከኮሎምቢያ የሕግ ትምህርት ቤት ሲመረቁ፣ ቱርጉድ ማርሻል ይመሩት በነበረው የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሕግ ፈንድ ውስጥ ሥራ ጀምረው ነበር። በ1954 በትምህርት ቤቶች ዘርን መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል በተባለበት የብራውን ጉዳይ፣ የመጀመሪያውን የክስ ማመልከቻ ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። በ1962 ጥቁሩ ተማሪ ጄምስ ሜሬዲዝ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የገባውም እሳቸው በመሩት ሙግት ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ለመከራከር ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሲሆኑ፣ ከ10 ክርክሮች 9ኙን ረትተዋል። ዐቃቤ ሕግ ጥቁሮችን ከሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ሸንጎ በማግለሉ ላይ በ1965 የተረቱበት አሥረኛው ጉዳይ ደግሞ በ1986 በሌላ ውሳኔ ተለውጧል። እንዲህ ያለ ድል በስሜት አይገኝም። በጠላትነት በሚያይ ዳኛ ፊት ማስረጃ እየደረደሩ፣ የተቃራኒን ክርክር ከባለቤቱ አብልጦ ማወቅን ይጠይቃል። ለዳኝነት ከዚህ የተሻለ ዝግጅት ይኖር ይሆን?

ጥርጣሬው የተጀመረውም በ1975 አልነበረም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጥር 1966 ለፌዴራል ዳኝነት ሲያጯቸው፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጄምስ ኢስትላንድ ነበሩ። ኢስትላንድ የሚሲሲፒ ሴናተርና የዘር መለያየት ጠበቃ ነበሩ፤ ሞትሊ ሜሬዲዝን ይዘው የረቱት የእሳቸውን ግዛት ነው። ሴናተሩ በኮሙኒስትነት ከሰሷቸው፣ ሹመቱንም አጓተቱ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ አልጸደቀም፤ ሲጸድቅ ግን በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፌዴራል ዳኛ ሆኑ። ወገንተኝነት ነውር ከሆነ፣ በራሳቸው ግዛት ሽንፈት የቆሰሉት ሰው በአሸናፊዋ ሹመት ላይ ሲፈርዱ ለምን ከወንበራቸው እንዲነሱ አልተጠየቁም?

እዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ አለ። ቆዳና ጾታ ይቅር፤ ሞትሊ ግን ሃያ ዓመት በአንድ ወገን ቆመው ተሟግተዋል፣ የጠበቃን ልማድ ካባ አያወልቀውም የሚል ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ዳኛ በጠበቃነት የያዘውን ያንኑ ጉዳይ ማየት እንደማይገባውም የታወቀ ነው። ነገር ግን በዐቃቤ ሕግነት የኖረ ሰው የወንጀል ችሎት ሲመራ፣ የኩባንያዎች ጠበቃ የነበረም የንግድ ክርክር ሲያይ ማንም ያለፈውን አንስቶ አይሞግተውም፤ እንዲያውም ልምድ ይባልለታል። ፍርዳቸውንም እንይ። በ1978 የስፖርት ጋዜጠኛዋ ሜሊሳ ሉድኪ በያንኪ ስታዲየም ወደ ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል እንዳትገባ መከልከሏን ሲዳኙ፣ ሞትሊ የመረመሩት ስታዲየሙ የከተማው ንብረት መሆኑንና የተጫዋቾቹን ገመና የሚጠብቅ ቀለል ያለ ዘዴ መኖር አለመኖሩን ነው። ዘዴው እንዳለ አዩ፤ ክልከላውንም ሻሩ። የሕጉ ደረጃ በደረጃ አካሄድ ለማንም ተቺ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል።

ከወዲያኛው ወገንም ወቀሳ አልጠፋም፤ ካባው የቀድሞዋን ተሟጋች እጅግ ጥንቁቅ አደረጋት የሚሉ አሉ። ዳኛ የሚያየው የቀረበለትን መዝገብ ነውና ከጠበቃ ያነሰ ነጻነት እንዳለው አምናለሁ። ሆኖም በ1970 ማርቲን ሶስትሬ የተባለ እስረኛ ከአንድ ዓመት በላይ በብቸኝነት ክፍል መታሰሩ ጨካኝ ቅጣት ነው ብለው 13,020 ዶላር ካሣ የፈረዱት እሳቸው ናቸው። ለዚያ ዘመን ደፋር ፍርድ ነበር። ዳኛ ከሕጉ አልፏል የሚል ወገን መንገዱ ይግባኝ ነው፤ ሶስትሬን ያሰሩት ባለሥልጣናትም በዚሁ ሄዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1971 ብቸኝነቱ በራሱ ጨካኝ ቅጣት ነው የሚለውን ሻረ፤ ሶስትሬ የተቀጣው በእምነቱና በሕግ ሙግቱ ነው የሚለውን የሞትሊን ግኝት ግን አጸና።